«ሸነገለህ»

ከትናንት ጀምሮ አንድ ቃል እያላመጥሁ ቆየሁ። ቃሉን ያቀበለችኝ እናቴ ናት። አዲስ የተከራየሁትን ቤት ልታይ ከዘጌ በጀልባ መጥታ፣ በመስኮቱ ጣናን አየች፤ እርጥበት ያበጠውን ግድግዳ በመዳፏ ዳሰሰች፤ ከዚያም «ልጄ፣ ደላላው ሸነገለህ» አለችኝ።

አልዋሸኝም ብዬ ተከራከርሁ። እውነቴን ነው። «የጣና ነፋስ እየነፈሰህ ትተኛለህ» ብሎኝ ነበር፤ ይነፍሳል፣ ቢንቢውንም ይዞ ይገባል። «ጎረቤትህ ሰው የማይጠፋበት ነው» ብሎኝ ነበር፤ አይጠፋበትም፣ መጠጥ ቤት ነው።

«ቢዋሽህማ ትይዘው ነበር» አለች።

አታላይ ሐሰት ያስፈልገዋል፤ ሸንጋይ ግን እውነቱን አለሳልሶ ቢያቀርብ ይበቃዋል። መደለል የሽንገላ ዘመድ ቢሆንም እጁ ባዶ አይደለም፤ ለሕፃን ከረሜላ፣ ለሹም ገንዘብ፣ መደለያ አያጣም። ሽንገላ በአፍ ብቻ ይሠራል። «አፉ ቅቤ፣ ሆዱ ጩቤ» የሚለውም ለእኔ ደላላ ይከብደዋል። የምን ጩቤ! ኮሚሽኑን ነው የፈለገው።

ደግሞ ቃሉ ሁልጊዜ ክስ አይደለም። የእናቴን ቡና ሳመሰግን «ሂድ ወዲያ፣ አትሸንግለኝ» ትላለች፤ ሁለተኛውን ሲኒ የምትሞላልኝ ግን ይህን እያለች ነው።

ማታ ሐይቁ ዳር ስቀመጥ አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለኝ። ከዓመታት በፊት በፎገራ በኩል ሳልፍ ውኃው ላይ የተንጣለለ ፈዛዛ ሐምራዊ አበባ አይቼ ፎቶ አነሣሁ፤ ለወራት የስልኬን ገጽ ሲያስጌጥ ከረመ። እምቦጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መታየቱ የተነገረለት፣ የዓሣ አጥማጁን ታንኳ መንገድ የሚዘጋው፣ ውኃውን ከላይ ሸፍኖ ብርሃንና አየር የሚነሣው አረም። አበባ አፍ የለው፤ ታዲያ ያኔ ማን ሸነገለኝ?

አማርኛ ለዚህም ቦታ አዘጋጅቷል፤ ራስን መሸንገል ይለዋል። ደላላው ቤቱን ሲያሳየኝ ግድግዳውን አይቼዋለሁ። አልደበቀውም። እንዲያውም ፊት ለፊቱ ነበር የቆምሁት። ቀለም ሲነካው ይተዋል ብዬ ለራሴ ያወራሁለት እኔው ነኝ።

ይህን ለእናቴ አልነገርኋትም። ቀለሙን ገዝቻለሁ፤ ቅዳሜ እቀባዋለሁ።