ያስወጣሁት አየር

በደብረ ማርቆስ አንድ ሆቴል የጥገና ክፍል ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ካጋጠመኝ ሁሉ እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣው፣ አንድ የሌሊት ዘበኛ በሆቴሉ ሙቅ ውኃ ሰዎችን በገንዘብ ገላ ያሳጥባል ተብሎ የተቀጣበት ጉዳይ ነው። ለቅጣቱ መነሻ የሆነው እኔ የሠራሁት ጥገና ስለነበረ ነገሩን ከሥሩ መናገር ይገባኛል።

ሆቴሉ ባለ ሦስት ፎቅ ነው። ውኃውን በፀሐይ የሚያሞቁት የሶላሩ ሰሌዳዎች ጣሪያ ላይ ናቸው፤ 1,000 ሊትር የሚይዘው የሙቅ ውኃ ታንከር ደግሞ ምድር ቤት ተቀምጧል። ቀን ቀን ፓምፑ ከታንከሩ ግርጌ ቀዝቃዛውን ውኃ እየሳበ ወደ ጣሪያ ይገፋዋል፤ ውኃው በሰሌዳዎቹ ውስጥ ሞቆ በሌላ ቧንቧ ወደ ታንከሩ አናት ይመለሳል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን ፓምፑ ይጠፋል። በመስከረም መጨረሻ ከጣሪያው በኩል የሚሰማው ጉርጉርታ እየበረታ ሄደ፤ ሰሌዳዎቹ በጠራራ ፀሐይ እየነደዱ የመልሱ ቧንቧ ግን ለብ ከማለት አላልፍ አለ። ቧንቧው አየር መያዙን ለማወቅ ብዙ ምርመራ አላስፈለገም። ውኃ ሲሞቅ በውስጡ ያለውን አየር ይለቃል፤ የተለቀቀው አየርም ከፍ ያለ ቦታ ፈልጎ ይሰበሰባል። እዚያ ሆቴል ይህ ቦታ፣ የመልሱ ቧንቧ የጣሪያውን ጠርዝ ለመሻገር እንደ በሬ ሻኛ ጎብጦ የሚያልፍበት ነበር። የተከሉት ሰዎች ማስተንፈሻ አላደረጉለትም። ጉብታው ላይ ቲ የሚባለውን ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ አስገብቼ ማስተንፈሻ ገጠምሁና ፓምፑን አጥፍቼ ንጹሕ ውኃ እስኪወጣ ድረስ አስተነፈስሁት። ጉርጉርታው በዚያው ቀን ቆመ፤ ታንከሩም ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀውን ሙቀት ያዘ። ደስታዬ ትልቅ ነበር።

ኅዳር ሲገባ እንግዶች በማለዳ ቀዝቃዛ ሻወር ገጠመን እያሉ መማረር ጀመሩ። በክረምት ይሠራ የነበረው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ፀሐይ ስለወጣ ጠፍቷል፤ ስለዚህ ማታ በታንከሩ ውስጥ ካለው ሙቀት በቀር ለጠዋት የሚተርፍ ነገር የለም። ማታ 58 ዲግሪ አንብቤ የሄድሁት ቴርሞሜትር ጠዋት 33 ያሳየኛል። አስተዳደሩ ውኃው በሌሊት ይባክናል ብሎ ደመደመ፤ ሌሊት ግቢው ውስጥ የሚያድረው ደግሞ ዘበኛው ብቻ ነው። ጭቅጭቁ በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት የግማሽ ወር ደመወዙ ተቆርጦ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው።

ደጋግሜ የማስበው ግን ከቅጣቱ አስቀድሞ በእኔና በዘበኛው መካከል የነበረውን ንግግር ነው። አንድ ማለዳ፣ የጮቄን ተራራ ተሻግሮ የሚመጣው ብርድ ጆሮ በሚቆርጥበት ሰዓት፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው በጎጇቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ ከጎጆዬ ጀርባ በግድግዳው ላይ የሚያልፈው ቧንቧ ሌሊት ይሞቃል» አሉኝ። «የለበሰው ስፖንጅ የተቀደደበት ቦታ አለ፤ እጄን የማሞቀው በእሱ ነው።»

«ጋሼ፣ የቀኑ ሙቀት ቀርቶበት ይሆናል» አልኋቸው።

«አይደለም። ማታ ሞተሩ ሲጠፋ ይቀዘቅዛል። ቆይቶ ነው እንደገና የሚሞቀው፤ ደግሞ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ነው የሚሞቀው። አምና እንዲህ አልነበረም።»

«እሺ፣ አየዋለሁ» ብዬ አለፍሁ። አላየሁትም። በቅርቡ በገዛ እጄ ያስተካከልሁት መስመር ስለሆነ ጉድለት ይኖርበታል ብዬ ለማሰብ ልቤ ፈቃደኛ አልሆነም። አንድ ባለሙያ ከአንድ የዓይን ምስክር ሊሰማ የሚችለውን ሁሉ ነግረውኛል፤ ጊዜውን፣ ቦታውንና አቅጣጫውን፣ ከዚያም በላይ አምና እንዳልነበረ። ለሥራዬ የሚያስፈልገኝን በሙሉ ይዘው ቆመው ሳለ እኔ ከጋቢያቸው በቀር ምንም አላየሁም።

ቅጣቱን ስሰማ ነው የደነገጥሁት። በዚያው ምሽት ወደ ታንከሩ የሚገባውን የቀዝቃዛ ውኃ ቆጣሪ ቁጥር መዝግቤ አደርሁና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እንደገና አነበብሁት። አልተንቀሳቀሰም ማለት ይቻላል። ከታንከሩ ሙቅ ውኃ የቀዳ ሰው ቢኖር በምትኩ ቀዝቃዛ ውኃ መግባት ነበረበትና ቆጣሪው ይናገር ነበር። ሙቀቱ ግን በ25 ዲግሪ ወርዷል፤ ለ1,000 ሊትር ውኃ ይህ 29 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። አንድ ጠብታ ሳይወጣ ይህ ሁሉ ሙቀት ወጥቷል። ከጎጆው ጀርባ ሄጄ በተቀደደው ስፖንጅ እጄን ሳስገባ የመልሱ ቧንቧ ይሞቃል፤ ከአጠገቡ ያለው፣ ቀዝቃዛውን ወደ ጣሪያ የሚወስደው የመላኪያው ቧንቧ ግን እንደ በረዶ ቀዝቅዟል።

ሙቅ ውኃ ከቀዝቃዛው ይቀላል። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ በ10 ዲግሪ ከ999 ኪሎ በላይ ሲመዝን በ60 ዲግሪ 983 ኪሎ ገደማ ነው፤ ስለዚህ በየአንዳንዱ ሜትር ከፍታ የሚፈጠረው ግፊት 16 ሚሊ ሜትር የውኃ ዓምድ ቢሆን ነው። በሦስት ፎቅ ከፍታ ሲደመር ግን ፓምፕ ሳይኖር ውኃን ሌሊቱን ሙሉ ለማዞር ይበቃል። ደመና በሌለበት የኅዳር ሌሊት ሰሌዳዎቹ ሙቀታቸውን ወደ ሰማይ እየለቀቁ ከአካባቢው አየር እንኳ ይበልጥ ይቀዘቅዛሉ፤ በውስጣቸው ያለው ውኃ ከብዶ በመላኪያው ቧንቧ ይወርዳል፣ የታንከሩ ሙቅ ውኃም በመልሱ ቧንቧ ወደ ጣሪያ ይወጣል። ሶላሩ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት በተገላቢጦሽ ይበትነዋል ማለት ነው። ታዲያ አምና ለምን አልሆነም? አምና ጉብታው ላይ አየር ነበረ። ፓምፑ በጉልበቱ አየሩን እየገፋ ጥቂት ውኃ ያሳልፍ ነበር፤ ሲጠፋ አየሩ ተመልሶ ጉብታው ላይ ይቀመጥና የዚያን ደካማ ግፊት መንገድ ይዘጋል። ቀኑን የሚጎዳው አየር ሌሊቱን ይጠብቅ ኖሯል፤ ያንን ጠባቂ ያስወጣሁት እኔ ነኝ።

እርግጥ የውኃው ጠባቂ መሆን የነበረበት አየር አልነበረም። ንድፉን አውጥቼ ስመለከት ከፓምፑ በላይ ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያደርግ ቼክ ቫልቭ በግልጽ ተስሏል። በቦታው ስፖንጁን ስገፈው ያገኘሁት ባዶ ቧንቧ ነው። ሥራውን ተረክበው ክፍያ የተቀበሉት ሰዎች ስፖንጁን ከላይ አልብሰውት ሄደዋል፤ ማንም ገልጦ አላየም፤ እኔም ቧንቧውን በተቀበልሁ ጊዜ ገልጬ አላየሁም። ባለ ስፕሪንግ ቼክ ቫልቭ ገጠምሁ፤ ስፕሪንጉ የፓምፑን ግፊት ያሳልፋል፣ የሌሊቱን መመለስ ግን ይዘጋል። ያም ሆኖ የመልሱ ቧንቧ ከታንከሩ አጠገብ ጥቂት ይሞቅ ነበር፤ በአንዱ ቧንቧ ውስጥ እንኳ ሙቁ በአንድ ወገን እየወጣ ቀዝቃዛው በሌላው ወገን ሊወርድ ይችላልና። ስለዚህ ቧንቧው ከታንከሩ እንደወጣ መጀመሪያ ወደ ታች ወርዶ ከዚያ ሽቅብ እንዲወጣ አድርጌ አጎበጥሁት። በማግስቱ ጠዋት ቴርሞሜትሩ 54 አነበበ።

የሁለቱን ሌሊቶች ቁጥር በወረቀት ጽፌ ወደ ሥራ አስኪያጁ ገባሁ።

«ታዲያ ማን ነው የወሰደው?» አለኝ።

«ማንም አልወሰደም። ውኃው ራሱ ነው የዞረው። የዞረውም እኔ አየሩን ካስወጣሁ ወዲህ ነው።»

«ይህን ነገር ለሰው አታውራው» ብሎ ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

ለዘበኛው ነገርኋቸው። ይቅርታም ጠየቅሁ። ዝም ብለው ሰሙኝና «ከታች ጀምሮ ነው ብዬህ ነበር» አሉ፤ ከዚያ ሌላ ቃል አልጨመሩም። የተቆረጠባቸው ገንዘብ በወሩ መጨረሻ የትርፍ ሰዓት ክፍያ በሚል ስም ተመለሰላቸው። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው እንዲነሣላቸው ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። እኔ ሆቴሉን ስለቅ ደብዳቤው በፋይላቸው ውስጥ እንዳለ ነበር።