ባንኮክን ከወንዙ ጀምሩ

ባንኮክ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ለሕክምና ነው ወይ ዕቃ ለማምጣት። አየር መንገዳችን ከአዲስ አበባ በቀጥታ ስለሚበር መሄዱ አይከብድም። ግን ታካሚና አስታማሚ ናና አካባቢ ሆቴል ይይዛሉ፣ ነጋዴው ፕራቱናም ገብቶ ልብሱን ያስጭናል፣ ጉዳዩ ሲያልቅ ሻንጣ ተዘግቶ ወደ ኤርፖርት ነው። እዚያ ድረስ ሄዶ ከተማዋን ሳያዩ መመለስ! ይሄ በጣም ይቆጨኛል። እኔም የሄድኩት ቤተሰብ ለማስታመም ነበር፤ በቀጠሮና በቀጠሮ መሀል ጊዜ ሳገኝ ግን ወጣ እል ነበር። ይህን የምጽፈውም ከሁሉ በፊት የምርመራ ውጤት እየጠበቀ ሆቴል ውስጥ ግድግዳ ግድግዳውን ለሚያይ ሰው ነው።

ምክሬ አንድ ነው። መኪናውን ተዉትና ወንዙን ያዙ። የባንኮክ መንገድ ከተዘጋጋ ተዘጋጋ ነው፤ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ቆጣሪው ብቻ ሲሄድ ታያላችሁ። ቻዎ ፕራያ ወንዝ ግን ከተማዋን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል፣ የአሮጌው ከተማ ዋና ዋና ቦታዎችም እዚያው ዳርና ዳሩ ላይ ናቸው። ከናና ቢቲኤስ የሚሉትን በድልድይ ላይ የሚሄድ ባቡር ትይዛላችሁ፣ ሲያም ላይ መስመር ትቀይራላችሁ፣ ሳፋን ታክሲን ትወርዳላችሁ። ከጣቢያው ሥር ሳቶርን የጀልባ መሳፈሪያ አለ። ለቱሪስት የተለየ ጀልባ አለ፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። እናንተ ብርቱካናማ ባንዲራ ያለውን ጠብቁ። ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ መነኩሴው የሚሳፈርበት እሱ ነው። እኔ ስሄድ የትም ውረዱ የት 16 ባት (የታይ ገንዘብ) ነበር።

ጀልባው ላይ ረዳቷን ልብ ብላችሁ እዩዋት። በእጇ ረጅም የብረት ቱቦ ይዛለች፣ ውስጡ ሳንቲምና ቲኬት ነው። ክዳኑን ቀጭ ቀጭ እያደረገች በሰው መሀል ትሾልካለች፣ ብሩን ትቀበላለች፣ ቲኬቱን በቱቦው ጠርዝ ቀደድ አድርጋ ትሰጣለች፣ ያልከፈለ ሰው አያመልጣትም። ከኋላ ደግሞ ገመድ የያዘው ልጅ ለካፒቴኑ በፉጨት ምልክት ይሰጣል፤ ፉጨቱ ሲፈጥን ጀልባው ወደ መሳፈሪያው ተጠግቷል ማለት ነው። ብዙ አይቆምም። ተዘጋጅታችሁ ጠብቁ። ለመነኮሳት የተለየ መቆሚያ ስላለ እሱን ልቀቁላቸው፣ ሴቶች ደግሞ መነኩሴ እንዳትነኩ ተጠንቀቁ፤ እነሱ ዘንድ ነውር ነው።

ታ ቻንግ የሚባለው መሳፈሪያ ላይ ስትወርዱ ታላቁ ቤተ መንግሥት ቅርብ ነው። የታይ ነገሥታት የቀድሞ መዲና አዩታያ በ1767 በበርማ ጦር ተቃጠለች። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1782 ቀዳማዊ ራማ ዙፋኑን በኋላ መዲና ከሆነችው ከማዶዋ ቶንቡሪ ወደዚህኛው የወንዙ ዳር ሲያመጣ የቤተ መንግሥቱ ግንባታም በዚያው ዓመት ተጀመረ። መግቢያው ለውጭ ዜጋ 500 ባት ነው፣ ውድ ነው፣ ግን ክፈሉ። ግቢው ውስጥ ያለው የኤመራልድ ቡድሃ የአገሪቱ ትልቁ ቅዱስ ምስል ነው። ቁመቱ 66 ሴንቲሜትር ብቻ ሲሆን ከአረንጓዴ ድንጋይ የተቀረጸ ነው፤ ከፍ ያለ ወርቃማ መንበር ላይ ስለተቀመጠ አንገት ቀና አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። የወርቅ ልብሱ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ለበጋው፣ ለዝናቡና ለብርዱ ወቅት ይቀየራል። የሚቀይረውም ንጉሡ ነው። አዳራሹ ውስጥ ፎቶ ክልክል ነው። ጫማም ይወለቃል፤ እኛ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ስለምናወልቅ ይሄ አይከብደንም። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፣ አለበለዚያ ከበር ይመልሷችኋል። በሩ የሚከፈተው በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 2፡30 ነው፤ ያኔ ድረሱ፣ ረፋድ ላይ ፀሐዩም ሰዉም አያስቆምም።

በሩ አካባቢ አንድ ሽክ ያለ ሰው ቀርቦ «ዛሬ ዝግ ነው፣ በዓል ነው» ቢላችሁ አትስሙት። ቀጥሎ በርካሽ ዋጋ ቱክቱክ (የእነሱ ባጃጅ) ያሳፍራችኋል፣ መጨረሻው የከበረ ድንጋይ ሱቅ ነው። የቆየ ማታለያ ነው። ዝም ብላችሁ እስከ ቲኬት መስኮቱ ሂዱ።

ከቤተ መንግሥቱ ወደ ዋት ፖ በእግር ይኬዳል («ዋት» የቡድሃ ቤተ መቅደስ ማለት ነው)። አንድ ቦታ ብቻ የማየት ጊዜ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ እዚህ ነው የምልከው። የተጋደመው ቡድሃ 46 ሜትር ርዝመት፣ 15 ሜትር ከፍታ አለው። አዳራሹ ልክክ አድርጎ ስለያዘው ሙሉውን በአንድ እይታ ማየት አይቻልም፤ ፊቱን ታያላችሁ፣ ከዚያ በዓምዶቹ መሀል ክንዱን፣ ከዚያ ጎኑን፣ እንዲህ እያላችሁ እግሩ ጋ ስትደርሱ የሚያብረቀርቅ ዛጎል እየተሰካ የተሠሩ 108 ምልክቶች በመደዳ ተደርድረዋል። ከጀርባው በኩል ደግሞ 108 የነሐስ ሳህኖች አሉ። ሰው እፍኝ ሳንቲም ይዞ በየሳህኑ አንድ አንድ እየጣለ ያልፋል፣ ድምፁ አዳራሹን ሙሉ ይሞላዋል። አንዲት አሮጊት ከፊቴ ሆነው በየሳህኑ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሲጥሉ አየሁ፣ አንዱንም አልዘለሉም። እኔም የታመመብኝን ሰው እያሰብኩ በዝግታ ተከተልኳቸው።

ዋት ፖ የታይ ማሳጅ የሚሰጥበትና የሚማሩበት ቦታም ነው። ዩኔስኮ የታይ ማሳጅን በ2019 በቅርስነት መዝግቦታል። ሌሊቱን ሆስፒታል ወንበር ላይ ላሳለፈ አስታማሚ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም።

ከዚያ ታ ቲየን መሳፈሪያ ትሄዱና በትንሽ ጀልባ ማዶ ትሻገራላችሁ፣ ዋት አሩን ነው። ከሩቅ ግራጫ ይመስላል። ስትጠጉ ግን ማማው በሙሉ በቻይና ሸክላ ስባሪ የተለበጠ ነው፤ የሳህን ቁራጭ፣ የሲኒ ቁራጭ፣ አበባ አበባ እየሆነ ተገጥሟል። እጅ በሚደርስበት ቦታ ላይ ቆማችሁ ተመልከቱት። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ግን ተመልሳችሁ ተሻገሩ፣ ከታ ቲየን በኩል ሲታይ ፀሐይዋ ከማማው ጀርባ ነው የምትወርደው።

ስለ ምግብ፦ ጾመኛ ከሆናችሁ አትጨነቁ። ቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት ወይም ባንዲራ የሰቀለ ምግብ ቤት ፈልጉ፣ «ጄ» ይሉታል። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ። ሌላ ቦታ አትክልት ብላችሁ ብታዙም የዓሣ ሶስ ሊገባበት ይችላል። ማንጎ ከሚጣበቀው ሩዝ ጋር የሚቀርበው በኮኮናት ወተት ስለሆነ እሱም የጾም ነው። ሐላል ለሚፈልግ ናና ሶይ 3 የዓረብ ምግብ ቤት ሞልቷል።

ሁለት ነገር ለአስታማሚ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት፣ ኤርፖርቱ ላይ ከኢሚግሬሽን በፊት ይጠየቃል። ደረሰኝ ላይ ደግሞ እንደ 2568 ያለ ዓመት ብታዩ አትደንግጡ። እኛ ከፈረንጁ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነን፣ እነሱ 543 ወደ ፊት ናቸው። የቀጠሮ ቀን ስትይዙ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ።

ቻቱቻክ ገበያ ቅዳሜና እሁድ ነው፣ ሰፊ ነው፣ በጠዋት ሂዱ። ከዚያ ይልቅ የማታውን ጊዜ ለቻይና ሰፈር ለያዋራት ስጡ። መጀመሪያ ዋት ትራይሚት ግቡ። 5.5 ቶን የሚመዝን የወርቅ ቡድሃ አለ። ለዘመናት በልስን ተሸፍኖ ስለነበር ማንም ወርቅ መሆኑን አያውቅም ነበር። በ1955 ወደ አዲስ ሕንፃ ሲያዛውሩት ከገመዱ አምልጦ ወደቀ፣ ልስኑ ተሰነጠቀ፣ ከሥሩ ወርቁ ብቅ አለ። ከዚያ ሲመሽ ዋናው ጎዳና ላይ ምድጃው ይቀጣጠላል፣ ወንበር መንገድ ዳር ይወጣል፣ እየተጋፋችሁ ትበላላችሁ። ስትጨርሱ ታክሲ አትለምኑ። ዋት ማንግኮን ጣቢያ ግቡና በምድር ውስጥ ባቡሩ ሱኩምቪት ውረዱ፣ ከዚያ ናና በእግር ነው።