የኑናቪክ ገበታ

ጥሬ ሥጋ ከሚበላ ሕዝብ ስለተወለድኩ ይሆናል፣ ባልደረቦቼ ፊታቸውን ሲያዞሩ እኔ ምንም አልመሰለኝም። ታማሚዋ ከኑናቪክ፣ ከካናዳዋ ኬቤክ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ለሕክምና በአውሮፕላን ወደ ሞንትሪያል የመጡ አዛውንት የኢኑይት እናት ናቸው፤ ኢኑይት የአርክቲክ፣ ማለትም የሰሜን ዋልታ አካባቢ፣ ነባር ሕዝብ ነው። በሆዴ «እማማ» እላቸዋለሁ። የሆስፒታሉን ዶሮና ድንች ሳይነኩት መለሱት። ማታ ልጃቸው ከአገራቸው የመጣ በረዶ የሆነ ማታክ ይዞላቸው ገባ፤ ቤሉጋ የሚባለው ነጭ ዓሣ ነባሪ ቆዳ ከነጮማው ነው። በስሱ እየቆረጡ በሉ፣ ለእኔም ዘረጉልኝ። የትልቅ ሰው እጅ አይመለስምና ተቀበልኩ። ለውዝ ለውዝ ይላል፤ ማኘኩ ግን አያልቅም።

«መርዝ እኮ ነው፣ ለምን ዝም ትላለህ?» አለችኝ አንዷ ነርስ። ቤቴ ከገባሁም ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ።

ወሬው ከሜዳ የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኤሪክ ደዋዪ የተባለው የኬቤክ ተመራማሪና ባልደረቦቹ የእናቶችን የጡት ወተት ሲመረምሩ፣ ከፋብሪካ የራቁት የኑናቪክ እናቶች ወተት ንጹሕ ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ፒሲቢው ከደቡብ ኬቤክ እናቶች አምስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ፒሲቢ ትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ ይገባ የነበረ ኬሚካል ነው። በሞቃት አገር ይተናል፣ በነፋስና በውቅያኖስ ይጓዛል፣ ብርድ ሲያገኘው ይወርዳል፤ ከዚያ ስብ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ከጥቃቅን የባሕር ነፍሳት ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ «ሲል» ወደሚባለው የባሕር እንስሳና ወደ ዓሣ ነባሪ እየተጠራቀመ ይሄዳል። መጨረሻው የምታጠባ እናት ናት።

እንግዲህ አትብሉ ይባሉ? ማታክ ቫይታሚን ሲ አለው፤ አትክልት በማይበቅልበት ምድር ስንት ትውልድ ድዱ ሳይደማ የኖረው በእንዲህ ያለ ምግብ ነው። ምትኩ ከደቡብ በአውሮፕላን የሚገባ፣ ዋጋው የማይቀመስ ሸቀጥ ነው፤ ድሃው ደግሞ የሚደርስበት ቺፕስና ለስላሳው ላይ ነው። የጤና ባለሙያዎቹም ይህን ስላወቁ ጡት ማጥባት ይቁም አላሉም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የኑናቪክ ጤና ቦርድ ምክር የመውለድ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች የቤሉጋ ሥጋ እንዲቀንሱ ነው፤ ለጽንስ አእምሮ የሚያሰጋው ሌላው መርዝ፣ ሜርኩሪ፣ የሚጠጋው ሥጋውን እንጂ ጮማውን አይደለምና። ቋንጣው ውሃው ስለወጣ ይብሳል። በምትኩ አርክቲክ ቻር የሚባለውን ዓሣ ይብሉ ተባለ። የእኔዋ እማማ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ የሚበሉትም ቋንጣ አይደለም። ነገ ለነርሷ የምነግራት ይህንኑ ነው።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። መርዙን የሠራውም የተጠቀመበትም ሌላ ሰው ሆኖ፣ ከአፍህ ቀንስ የሚባለው አዳኙ ኢኑይት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 ናይሮቢ ላይ ፒሲቢንና የወባ ትንኝ መግደያውን ዲዲቲን ስለመሳሰሉ ኬሚካሎች አገሮች ሲደራደሩ፣ የኑናቪክ ተወላጇ ሺላ ዋት-ክሉቲዬ እናትና ልጅ የተቀረጸበት የኢኑይት ቅርጽ ለተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ኃላፊ ለክላውስ ቶፕፈር አበረከተች። ያን ጊዜ ያለችው ነገር በቀጥታ እኔን ይነካል፦ የአርክቲክ እናት ስለ ጡቷ ወተት መስጋት የለባትም፤ የሞቃት አገር እናት ደግሞ ልጇን ከበሽታ ለማዳን እነዚሁን ኬሚካሎች መጠቀም የለባትም።

እኛ ቆላ ነው ያደግነው። «ወባ ማጥፋት» ሲመጡ ዕቃ ሁሉ ወደ ደጅ ይወጣል፣ ግድግዳው ዲዲቲ ይረጫል፣ እናቴ ደስ ይላታል። ታናሼን ወባ ልትወስደው ደርሳ ነበርና ማን ይፈርድባታል? ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ስቶክሆልም ላይ ሲጸድቅ፣ ወባን የመሳሰሉ በሽታዎችን የሚያስተላልፉ ነፍሳትን ለመከላከል ለዲዲቲ በር ተተወለት። ኢትዮጵያም በዚያ በር ለዓመታት ገብታበታለች።