ቀይ ቀለም የተጻፈበት ነጥብ

ጀማሪ ሰርቬየር (የመሬት ቀያሽ) ሆኜ በአንድ የመንገድ ፕሮጀክት ላይ ስሠራ ነው። ለከልቨርት፣ ከመንገድ ሥር ውሃ ለሚያሳልፈው ግንባታ፣ የቁፋሮ ከፍታ እንድሰጥ ታዘዝኩ። የከፍታ መለኪያውን፣ ሌቭሉን፣ ተከልኩና ከእኛ በፊት የነበረው ቡድን ካቆመው ቤንችማርክ፣ ከፍታው ከታወቀ ቋሚ ምልክት፣ ተነሳሁ። ከፍታው ሲሚንቶው ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ደብተሩም ላይ ያው ቁጥር ነው። ሌላ ቤንችማርክ ላይ መዝጋት፣ ማለትም ልኬቴን እዚያ አድርሼ ከእሱ ቁጥር ጋር ማመሳከር፣ እንዳለብኝ አውቃለሁ። እሱም 400 ሜትር ቢርቅ ነው። ግን ኤክስካቫተሩ ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀኝ ነበር። ቁጥሩን አምኜ ሰጠሁ።

በሦስተኛው ቀን ሊን ኮንክሪቱ፣ ከመሠረቱ ሥር የሚነጠፈው ስስ ኮንክሪት፣ ከተሞላ በኋላ ነገሩ ታወቀ። 14 ሳንቲሜትር ወርደናል። ሄደን ስናይ ቤንችማርኩ አንድ ጎኑ ተልጧል። ዶዘር ነክቶት ሰምጧል።

የመጣ ሁሉ ጮኸብኝ። ጋሼ የምንላቸው አንጋፋው ሰርቬየር ብቻ አልጮሁም። ሻይ ይዘው አጠገቤ ተቀመጡና "አል ባታኒን ታውቀዋለህ?" አሉኝ። አላውቀውም ነበር።

አብርሃም በኖረባት በካራን፣ በዘጠነኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ገደማ የተወለደ ሰው ነው። ዛሬ ሶሪያ ውስጥ ባለችው ራቃ ከ877 እስከ 918 እ.ኤ.አ. ሰማይ ሲለካ ኖረ። አርባ ዓመት ሙሉ! ያኔ ቴሌስኮፕ የለም። ፀሐይ ከምድር እጅግ የምትርቅበትን ነጥብ የጥንቱ የሥነ ፈለክ ሊቅ በጥሊሞስ አይንቀሳቀስም ብሎ ነበር፤ አል ባታኒ ግን ቦታውን እንደለወጠ አሳየ። ኮፐርኒከስ በ1543 በታተመው መጽሐፉ ስሙን እየጠራ ልኬቶቹን ተጠቅሟል።

ጋሼ የነገሩኝ ግን ስለ ዓመቱ ርዝመት ነው። አል ባታኒ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበትን ሰዓት በ882 ራቃ ላይ ለካ። የዓመትን ርዝመት በትክክል ለማግኘት ደግሞ በዘመን በጣም የራቀ ሌላ ልኬት ያስፈልጋል። ያንን ከበጥሊሞስ ወሰደ፤ በ139 የተመዘገበ ነው። መሀሉ 743 ዓመት። በመሀሉ ያለፉትን ቀናት ለ743 አካፈለና 365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ አገኘ። ከትክክለኛው የሚያንሰው ሁለት ደቂቃ ከምናምን ብቻ ነው።

እሷም ብትሆን የመጣችው ከራቃ አይደለም። በጥሊሞስ የመዘገበው ሰዓት ከአንድ ቀን በላይ የዘገየ ነበር። ያ ስህተት ለ743 ዓመት ሲከፋፈል እያንዳንዱ ዓመት ላይ የሁለት ደቂቃ ጉድለት ጣለ። የአል ባታኒ የራሱ ልኬት ጥሩ ነበር። የተነሳበት ነጥብ ነው የሰመጠው።

"እሱ ወደ 139 ተመልሶ ሊለካ አይችልም" አሉ ጋሼ። "ያንተ 400 ሜትር ነው።"

አንገቴን ደፋሁ። ከጩኸቱ ሁሉ ይህቺ ገባችኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሰውየው ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ከሁሉ ልቤን የነካኝ አሟሟቱ ነው። የራቃ ሰዎች ያለአግባብ ግብር ተጣለብን ብለው ለአቤቱታ ባግዳድ ሲሄዱ አብሯቸው ሄደ። ሲመለስ በ929 መንገድ ላይ፣ ሰማራ አቅራቢያ አረፈ። ያን ሁሉ ዓመት ሰማይ ሲያይ የኖረ ሰው የጎረቤቶቹን ጉዳይ አልረሳም።

የዚያን ቀን ከሰዓት ስታፉን (ከፍታ የሚነበብበትን ዘንግ) ይዘን ከሁለተኛው ቤንችማርክ ተነሳን። ሦስተኛው ላይ በ4 ሚሊሜትር ዘጋን። ጉድጓዱ እንደገና በሊን ኮንክሪት ተሞላ። የሰመጠው ቤንችማርክ ላይ የነበረውን ቁጥር እኔው ራሴ በቀለም ሰረዝኩት።