የሽንት ጥድፊያዬና የቴንስ ማሽኑ

መልቲፕል ስክለሮሲስ (የሰውነት መከላከያ የነርቭን ሽፋን የሚጎዳበት ሕመም) ያለብን ሰዎች ስለ እግራችን መዛል እናወራለን። ስለ ሽንታችን ግን ዝም ነው። ከአዳማ አዲስ አበባ ለቀጠሮ በፍጥነት መንገዱ ስሄድ የሚያስጨንቀኝ ሕመሙ አልነበረም። መኪናው መሀል ላይ እንደማይቆምልኝ ማወቄ ነበር።

የነርቭ ሐኪሜ መጀመሪያ የሽንት ምርመራና አልትራሳውንድ አዘዘልኝ። ኢንፌክሽን ካለ፣ ወይም ሽንት ከፊኛ ተጠርጎ የማይወጣ ከሆነ ሕክምናው ሌላ ነውና ይህን አትዝለሉት። ከዚያ ቴንስ የሚባለውን በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማሽን ሞክሪ አለኝ። በቁርጭምጭሚት በኩል የሚያልፈው ነርቭና ፊኛን የሚያዙት ነርቮች ከአከርካሪ የሚነሱበት ሥር ይጋራሉ። ስለዚህ እግር ላይ የሚሰጠው ቀላል ኤሌክትሪክ የፊኛውን ጥድፊያ ሊያረግበው ይችላል። መርፌ የለው፣ ቀዶ ጥገና የለው።

ማሽኑን ውጭ ያለችው እህቴ ላከችልኝ። ፍዳዬ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ዕቃው የተያዘበትን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም። አንዱ መስኮት "የማሳጅ ዕቃ ነው፣ ቀረጥ ክፈይ" አለኝ። ሌላው "የሕክምና መሣሪያ ነው፣ የአስመጪ ፈቃድ አምጪ" አለ። ለራሴ ለምጠቀምባት አንዲት ማሽን! የሐኪሙን ደብዳቤ ሰጠሁት። ሞዴሉ አልተጻፈም ብሎ መለሰልኝ። እንደገና ሐኪም ጋ፣ እንደገና ሰልፍ። በመጨረሻ "እህቴ፣ ለምን እንደሚሆን አስረጂኝ" አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሽንቴን ለመቆጣጠር ነው አልኩት። "ሽንት በኤሌክትሪክ?" ብሎ ወደ ባልደረባው ዞረ። ከኋላዬ የነበሩት ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። ያን ቀን ሽንት ቤቱ ተቆልፎ ነበር። ጥበቃው "ለሠራተኛ ብቻ ነው" አለኝ። ግድግዳ እየተደገፍኩ ካፌ ፍለጋ ወጣሁ። ስመለስ ተራዬ አልፏል። እልሁ እስካሁን አልወጣልኝም።

እናንተም ማሽኑን ከውጭ የምታስልኩ ከሆነ፣ የሐኪም ደብዳቤያችሁ ላይ የማሽኑ ስምና ሞዴል ልክ ካርቶኑ ላይ እንዳለው ይጻፍ። ብዛቱ፣ "ለታካሚው የግል አገልግሎት" የሚል፣ ቀንና ማኅተም ይኑርበት። ባለቤቱ ራሱ ይቅረብ ይሏችኋል። እኔ ግን ውክልና ስጡና ጤነኛ ሰው ላኩ እላለሁ።

ማሽኑ እጄ ሲገባ አጠቃቀሙን ፊዚዮቴራፒስቷ ወዲያው አሳየችኝ። አንዱ ፓድ (ኤሌክትሪኩን ወደ ቆዳ የሚያስተላልፈው ተለጣፊ) ከውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት በላይ፣ ሌላው ተረከዝ አጠገብ ይለጠፋል። የእኔ ልኬት በሰከንድ 20 ምት፣ የእያንዳንዱ ምት ርዝመት 200 ማይክሮሰከንድ፣ በአንድ ጊዜ 30 ደቂቃ ነው። አውራ ጣቴ ብድግ ሲል ወይም ውስጥ እግሬን ሲነዝረኝ ቦታው ልክ ነው ማለት ነው። ካመመ ይቀነሳል። የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰው ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት፣ ሐኪም ሳያማክሩ እንዳይነኩት።

መመሪያው በፈለጋችሁት ሰዓት ይላል። የአዳማን ቀትር አያውቅም። ሙቀት የሕመማችንን ምልክት ያባብስብናል፤ ሽፋኑ የተጎዳ ነርቭ ሰውነት ሲግል መልእክት ማስተላለፍ ያቅተዋል። ፓዱም በላብ ይለቃል። እኔ ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት፣ እግሬን ታጥቤ በደንብ ካደረቅኩ በኋላ ነው የማደርገው። ሽንት ፈርታችሁም ውኃ አትቀንሱ። የወፈረ ሽንት ፊኛን ይበልጥ ያስቆጣል።

ለውጡ ሳምንታት ፈጅቷል። በሽታውን አያድንም፣ መድኃኒቴንም አልተውኩም። ሌሊት የምነሳው ግን ቀንሷል፤ ቀጠሮዬም ሳልጨነቅ እሄዳለሁ። አሁን ፓዱ እያለቀብኝ ስለሆነ እህቴ ሌላ ልካለች። ደብዳቤው ከነሞዴሉ ተጽፏል፣ ለመቀበል የሚሄደውም ወንድሜ ነው።