«አፍሮቢት» እና «አፍሮቢትስ»፦ ጋናዊና ናይጄሪያዊ ሲከራከሩ መሃል የገባ ሐበሻ ማወቅ ያለበት

ለንደንም ሆነ ዋሽንግተን ዲሲ ከምዕራብ አፍሪካውያን ጋር ፈረቃ የሚሠራ ሐበሻ ይህ ክርክር አዲሱ አይደለም። ስልክ ላይ አንድ ዘፈን ይከፈታል። ናይጄሪያዊው «የእኛ ነው» ይላል፣ ጋናዊው «ከእኛ ወስዳችሁ ነው» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ሁለቱም ወደ ሐበሻው ዞረው «አንተ ገለልተኛ ነህ፣ ፍረድ» ይሉታል። ከመፍረድ በፊት ስለ የትኛው ሙዚቃ እንደሚከራከሩ መጠየቅ ይበጃል። ብዙ ጊዜ አንዱ ስለ ሃይላይፍ፣ ሌላው ስለ አፍሮቢትስ እያወራ ነው የሚጨቃጨቁት። (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከሃይላይፍ እንጀምር። ስሙ የወጣው በ1920ዎቹ በጎልድ ኮስት፣ በዛሬዋ ጋና ነው። ለብሰውና አምረው የሚጨፍሩትን ሀብታሞች ከክለቡ ደጅ ቆመው የሚያዩ፣ መግቢያ መክፈል ያልቻሉ ሰዎች ያወጡት ስም ነው፤ «የላይኞቹ ኑሮ» እንደ ማለት። ስለ ስሙ ጋናዊው ትክክል ነው። የጊታሩ ነገር ግን ይለያል። ጊታሩን ከወደብ ወደብ ያዞሩት በአውሮፓውያን መርከቦች ላይ የሚሠሩ፣ ከላይቤሪያ ጠረፍ የመጡ የክሩ ሰዎች ናቸው። አመታታቸው በሁለት ጣት ነው፦ አውራ ጣት ወፍራሞቹን ክሮች ይይዛል፣ ጠቋሚ ጣት በቀጭኖቹ ላይ ዜማውን ያወጣል። በጋናዋ ከተማ ስም የሚጠራው የኩማሲ ትሪዮ ቡድን መሪ ክዋሜ አሳሬ ጊታር የተማረው ከክሩ ሰው ነው። ቡድኑ «ያ አምፖንሳ»ን በ1928 ያስቀረጸው ደግሞ ለንደን ውስጥ ነው። እንግዲህ የጋና ሃይላይፍ መሠረት በሚባለው ዘፈን ውስጥ ላይቤሪያም አለች፣ ለንደንም አለች።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ የጋናዊው የኢ.ቲ. ሜንሳ «ቴምፖስ» ባንድ ናይጄሪያን ሲዞር የሌጎስ የዳንስ ባንዶች ጆሮ ተለወጠ። ቦቢ ቤንሰንና ቪክቶር ኦላያ የሌጎስን፣ ሬክስ ሎውሰን ደግሞ የምሥራቁን ጣዕም ጨመሩበት። ናይጄሪያዊው «ሃይላይፍ የእኛም ነው» ሲል አይሳሳትም፤ «ከእኛ ተጀመረ» ሲል ግን ይሳሳታል። በ1976 አፍሪካን ከዳር እስከ ዳር ያስጨፈረውን «ስዊት ማዘር» የዘፈነው ኒኮ ምባርጋ እናቱ ናይጄሪያዊት፣ አባቱ ካሜሩናዊ ነበሩ። ይህን ዘፈን በአንድ ባንዲራ ስር ማስቀመጥ አይቻልም።

አፍሮቢት (ያለ «ስ») ግልጽ ነው፤ የናይጄሪያዊው የፌላ ኩቲና የከበሮ መቺው የቶኒ አለን ሥራ ነው። ዘፈኑ አሥር ደቂቃና ከዚያ በላይ ይሄዳል፤ ሁለት ጊታሮች አጫጭር ሐረግ ሳይሰለቹ ይደጋግማሉ፣ ሸከሬው (ዶቃ የተጠመጠመበት ቅል) ይንሿሿል፣ ሳክስፎኖቹ በኅብረት ይገባሉ፣ የቶኒ አለን እጆችና እግሮች አራት የተለያየ ነገር ይናገራሉ። ፌላ በወጣትነቱ በኦላያ ባንድ ውስጥ ሃይላይፍ ተጫውቷል። የአሜሪካዊውን ድምፃዊ የጄምስ ብራውንን ስልት ወደ ሌጎስ ይዞ የመጣው ሴራሊዮናዊው ጄራልዶ ፒኖ ደግሞ እንቅልፍ ነስቶታል። ይህን ሁሉ ወስዶ የራሱ ያደረገው ግን ፌላ ነው፤ እዚህ ላይ ለናይጄሪያ እፈርዳለሁ።

አፍሮቢትስ («ስ» ያለው) ከዚህ ጋር ስም እንጂ አካል አይጋራም። በ2011 አካባቢ ለንደን ውስጥ የተስፋፋ የጋራ መጠሪያ ነው፤ በማስፋፋቱ በዋናነት የሚነሳው የጋና ዝርያ ያለው ዲጄ አብራንቲ ነው። የናይጄሪያን ፖፕ፣ የጋናን ሂፕላይፍ (ሃይላይፍና ሂፕሆፕ ቅልቅል) እና አዞንቶ በአንድ ከረጢት ከተተ። አዞንቶ የአክራ ዳንስ ነው፤ የናይጄሪያ ገበያ ትልቅ በመሆኑ ግን ዓለም ብዙውን ነገር በናይጄሪያ ድምፃውያን በኩል ሰማው። የጋናውያን ቅሬታም ከዚህ ይነሳል። በጥር 2017 ኩማሲ የተማረው ናይጄሪያዊ ሚስተር ኢዚ፣ ጋና በዛሬው የናይጄሪያ ድምፅ ላይ ያሳደረችው ተጽዕኖ ትልቅ መሆኑን ትዊተር ላይ ሲጽፍ የገዛ አገሩ ሰዎች ወረዱበት።

በጆሮ ለመለየት አንድ ልምምድ አለ። ከ1 እስከ 16 በእኩል ፍጥነት እየቆጠራችሁ በ1፣ በ4፣ በ7፣ በ11 እና በ13 ላይ አጨብጭቡ። በብዙ ሃይላይፍና በብዙ አፍሮቢትስ ስር የሚሄደው ምት ይኸው ነው። የእኛ ጆሮ በቺክቺካ የ6/8 ምት ስላደገ ሦስት ሦስት መቁጠር ይቀናዋል። አራተኛው ጭብጨባ 11 መሆኑ ቀርቶ 10 ላይ ያርፍና ሁሉም ይዛባል። ከ7 በኋላ ሦስት ሳይሆን አራት ጠብቁ። ምቱ ሲገባችሁ «ይህማ የኩባ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። የኩባውም ሥሩ ባሪያ ተደርገው ከተወሰዱ አፍሪካውያን ነው። ከ1933 ጀምሮ የሸክላ አሳታሚው ሂዝ ማስተርስ ቮይስ «ጂቪ» በሚል ተከታታይ የኩባ ሸክላዎችን አፍሪካ ውስጥ ሲሸጥ ምቱ በባሕር ተመልሶ መጣ።

ቀልዱ ለምን ቶሎ እንደሚመር ማወቅም ያስፈልጋል። ጋና በ1969 መኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ዜጎች በሁለት ሳምንት ውጡ አለች፤ ብዙዎቹ ናይጄሪያውያን ነበሩ። ናይጄሪያ በተራዋ በ1983 ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ጋናውያንን አባረረች። ዕቃቸውን የጠቀለሉበት ባለካሬ የላስቲክ ሻንጣ ዛሬም «ጋና መስት ጎ»፣ «ጋና ትውጣ» ይባላል። በ2013 ከሳዑዲ የተባረሩ ወገኖቻችንን የተቀበለ ሰው ይህ ስም ምን ያህል እንደሚከብድ ለማወቅ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ስለዚህ ጋናዊ ባለበት በሻንጣው ስም አትቀልዱ።

በዚያው ዘመን ጋና ውስጥ የሰዓት እላፊ አዋጅ የምሽት ክለቦችን ዘግቶ ነበርና ሙዚቀኞች ወደ ጀርመን ተሰደዱ። ከሃምቡርግ ስሙን ያገኘው «በርገር ሃይላይፍ» የተወለደው ከዚህ ስደት ነው፤ የጆርጅ ዳርኮ «አኮ ቴ ብሮፎ» በ1983 በኤሌክትሮኒክ ከበሮና በሲንተሳይዘር ታጅቦ ወጣ። የጀርመን ነው የሚል ግን የለም። ኢትዮ ጃዝንም ሙላቱ አስታጥቄ ኒውዮርክ ውስጥ ስለጀመረው አሜሪካዊ አንለውም።

ክርክሩ የሥራ ቦታ ጨዋታ ብቻ ሆኖም አልቀረም። አሜሪካዊው ዘፋኝ ፖል ሳይመን በ1990 በወጣው አልበሙ የ«ያ አምፖንሳ»ን ዜማ ሲጠቀም የጋና መንግሥት «የሕዝብ ሀብት ነው» ብሎ ክፍያ ጠየቀ። የ2005ቱ የጋና የቅጂ መብት ሕግ (ቁጥር 690) የሕዝብ ዜማዎችን በአደራ ለፕሬዚዳንቱ ሰጠ። የቀድሞው የ1985 ሕግ የሚያስከፍለው የውጭ ሰዎችን ነበር፤ አዲሱ ጋናውያንንም ጨመረ። ባለቤትነትን ለማስከበር የወጣው ሕግ ዛሬ የኩማሲውን ጊታር ተጫዋች በአያቶቹ ዜማ አልበም ለመሥራት ፈቃድ ጠይቅና ክፈል ይለዋል።