ሌላ ሞርሳ ደግሞ

ሐምሌ ሲገባ ሰውነቴ ይከብደኛል። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ዋለ፣ መብራት የለም፣ ከሰው ጋር ማውራትም አላሰኘኝም። ጓሮ ካለችው ክፍሌ ገባሁ፤ ያቺ አሮጌ ዕቃ የማጠራቅምባት፣ በቤታችን «ቆራሌው ዘንድ» የምትባለዋ። ከመርካቶው ምናለሽ ተራ ያመጣሁት ሞርሳ፣ የሚሠራን ብረት ጥርቅም አድርጎ የሚይዘው ዕቃ፣ ናፍጣ ውስጥ ተዘፍዝፎ ከርሟል።

ሻጩ ልጅ «ፋዘር፣ የጣሊያን ነው፣ ኦሪጅናል!» እያለ ሲምልልኝ ነበር። እዚያ ሰፈር የቆየና የከበደ ነገር ሁሉ የጣሊያን ነው። ዝገቱን በብረት ብሩሽ ስፈገፍገው ከሥሩ ሰማያዊ ቀለም ወጣ፣ ቀጥሎ «ሪከርድ» የሚል ጽሑፍ። የእንግሊዟ ሼፊልድ ልጅ ሆኖ አረፈው! ቁጥር 3፣ አፉ ባለ 4 ኢንች። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

ቪቴው፣ አፉን የሚያጠብቀው ትልቁ ብሎን፣ ደህና ነው። ጥርሶቹ ግን አልቀዋል። ጥርስ እንኳን አያሳስብም፤ በብሎን የታሰረ ስለሆነ ፈትቶ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ቆርጦ መተካት ነው (መብራት ሲመጣ ማለቴ ነው፤ ባሌስትራ በሰጌቶ፣ በእጅ የብረት መጋዝ፣ እቆርጣለሁ የሚል ጀግና ካለ በሬ ክፍት ነው)። የሚያስፈራው ገላው የተሰነጠቀ እንደሆነ ነው። ጊዛ፣ ይሄ ገላው የተሠራበት ቀልጦ የፈሰሰ ብረት፣ በተራ ኤሌክትሮድ ሲበየድ ያማረ ይመስላል፣ ሲቀዘቅዝ ግን ከብየዳው ጎን ቀጭ ይላል። ለዚህ ነው ከመግዛቴ በፊት በመዶሻ መታ መታ አድርጌ ድምፁን የምሰማው። ካቃጨለ ጤነኛ ነው።

ጥርሱን ስፈታ አንድ ነገር አየሁ። በግራ በኩል ያለው ጫፍ ከቀኙ ይልቅ ተበልቷል፣ ሰጌቶ አምልጦ የጫረው ምልክትም ያለው እዚያው ብቻ። የትምህርት ቤት ሞርሳ ቢሆን በሁሉም በኩል ይፈጅ ነበር፤ ልጅ አይምርም። ይሄ የአንድ ሰው ነው። ዘመኑን በሙሉ በግራ በኩል እያሰረ የሠራ ሰው። ግራኝ ይሆን? ወይስ መስኮቱ በዚያ በኩል ስለነበረ? ምናልባት እሱ ሲሞት ልጆቹ በኪሎ ሸጠውት ይሆናል፣ ምናልባትም ልዋጭ መጥቶ በሳፋ ለውጠውታል።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀረና የራሴን ሞርሳዎች ጥርስ ማየት ያዝኩ። እኔ ብሞት የእኔን ያገኘው ሰው ምን ብሎ ይገምታል? «ብረት ሠሪ ነበር» አይል፣ የሚያስብለው ጭረት የለም። የኔዎቹ ከተገዙ ጀምሮ ያሠርኩባቸው ነገር ቢቆጠር የእትዬ ቢላዋ፣ ሶሉ የለቀቀ ጫማ፣ አንዴም አልከፈት ያለ የማር ማሰሮ ክዳን ነው።

በቀደም ባለቤቴ ብቅ ብላ «ይሄ ሁሉ ሞርሳ ለምንህ ነው?» አለችኝ።

«ትልቁ፣ የሌሎቹን ዕቃ ለመጠገን ይይዝልኛል።»

«ሌሎቹስ?»

«እነሱማ ገና እየተጠገኑ ነው።»

ቀልድ መስሏት ሳቀች።